የሐጃ በኺታ መኪና እስኪመጣ

ሐምዲያ ካርቱም የገባችው ለሁለት ዓመት ነበር። ሁለቱ ዓመት አሥራ አንድ ሆነ። ይህን ስታወራ ራሷ ትስቃለች፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

አሥራ አንዱንም ዓመት የሠራችው አንድ ቤት ነው፤ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ሐጃ በኺታ የሚባሉ የሰባ ሁለት ዓመት ባልቴት ቤት። ሐጃ ግራ ጎናቸው ከዛለ ሦስት ዓመት አልፏል። ከአልጋ የምታነሣቸው፣ ገላቸውን የምታጥባቸው፣ ቶባቸውን የምታለብሳቸው እሷ ናት። ማክሰኞና ቅዳሜ እግራቸውንና እጃቸውን ወደሚያሹላቸው ሐኪም ቤት ትወስዳቸዋለች። አምጃድ የሚሏት ትንሽ ሚኒባስ ትጠራና፣ አሮጊቷን ብብታቸው ሥር ገብታ አቅፋ፣ «ቢስሚላህ» ብላ ወደ ላይ ትስባቸዋለች። ሹፌሮቹ በመስተዋት እያዩ ይጠብቃሉ። አንዱም ወርዶ አያግዝም፤ የሴት ገላ ስለሆነ ያፍራሉ፤ እሷም አትፈርድባቸውም።

ቤቱ ክፉ ቤት አይደለም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ክፉ ቤት ቢሆን ታሪኩ አጭር ይሆን ነበር። ከክፉ ቤት ሰው በመስኮትም ቢሆን ይወጣል። ጭንቁ ከደግ ቤት መውጣት ነው። እንግዳ ሲመጣ ሐጃ በኺታ እጇን ይዘው «ቢትና» ይሏታል፤ ልጃችን ማለታቸው ነው። እንግዶቹም «ማሻአላህ» ይላሉ። ልጃችን የተባለ ሰው ደግሞ ዕረፍት ስጡኝ አይልም፤ ልጅ ከገዛ ቤቱ ወዴት ሄዶ ያርፋል? ፓስፖርቷ፣ እዚያ ጀዋዝ የሚሉት፣ በሐጃ ልጅ በኢሃብ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። «እንዳይጠፋብሽ ነው» ብሎ የወሰደው በመጀመሪያው ዓመት ነበር። እውነቱን ነው፤ አልጠፋም። ከአገር ለመውጣት ግን የእሱ ፊርማ ያስፈልጋል፣ ፊርማውም እንደ ጀዋዙ መሳቢያው ውስጥ ያለ ያህል ነው።

አገር ቤት፣ ወሎ ሐርቡ ላይ ደግሞ ልጇ መሪማ አለች። ሐምዲያ ስትለያት ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ያሳደገቻት አክስቷ ናት። አሁን አሥራ ስምንት ሞልቷት ታጭታለች። ሠርጉ ጥር አሥራ ስምንት ቀን ተቆርጧል። እጮኛዋ ከመንገዱ ዳር ሱቅ ያለው ልጅ ነው፤ ቤት ሲሠራ ከጓሮ በኩል አንድ ክፍል ጨምሯል። «ያቺ የእናትሽ ናት» ብሏታል። መሪማ ይህን በስልክ ስትነግራት ሐምዲያ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ነበር። ከዚያ «በዚህኛው ከመጣሁ አልመለስም፣ ልጄ» አለቻት። ከአፏ ሲወጣ ነው ለራሷም እርግጥ የሆነላት።

ለቤቱ የነገረችው ግን ግማሹን ነው። የልጄ ሠርግ ደረሰ፣ አርባ ቀን ፍቀዱልኝ አለች። አልመለስም የሚለውን በሆዷ ያዘችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ።

ኢሃብ ደስ አለው፤ «ሚት መብሩክ»፣ እንኳን ደስ አለሽ አላት፣ ከልቡ ነው። ከዚያ ጢሙን አሻሸና «እናቴን ማን ያነሣታል?» አለ። የቤቱ አሮጌ መኪና በዚያው ክረምት ሞተሩ ነክሶ ቆሟል፣ አምጃድ ያለ ሐምዲያ የማይሆን ነገር ነው። ታናሽ እህቱ ማላዝ መንዳት ትችላለች፤ ሥራዋም ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እናቷን ጧት ልታደርስ ትችላለች። ነገሩ ያለቀው እንዲህ ነው፦ አዲስ መኪና ይገዛል፣ ለሐጃ የሚመች፤ መኪናው በገባ በሳምንቱ ሐምዲያ ትሄዳለች። «መኪናው ይምጣና ያላ፣ ወደ ልጅሽ» አላት ኢሃብ። ሐምዲያም ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በሕይወቷ መኪና አስባ የማታውቅ ሴት፣ ስለ መኪና ብቻ ታስብ ጀመር።

ይህ የሆነው በ2008 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው።

መኪና ወደሚሸጥበት መዕረድ አራቱም ሄዱ። ሐምዲያ የሄደችው ሐጃን ለማውረድና ለማስገባት ነው። ኢዝዲን የሚባል ሻጭ ተቀበላቸው። አፉ ማር የሆነ፣ ሸሚዙ ያለ አንድ ጭረት የተተኮሰ ሰው ነው። ከአዳራሹ መካከል አንዲት ግራጫ መኪና ቆማለች። ኢዝዲን ጣሪያዋን ሁለቴ መታ መታ አደረገና «ይህቺ ጃሂዝ ናት፣ የተዘጋጀች» አለ። «ዛሬ ብትስማሙ ሰሌዳዋ ተለጥፎ በሦስተኛው ቀን ደጃችሁ ትቆማለች።»

ማላዝ በሩን ከፍታ ወንበሩን ዳሰሰች። «ጨርቅ ነው» አለች፣ ፊቷን አጥቁራ። «አቧራ ይጠጣል። ቀለሙም የታክሲ ይመስላል።»

«እንግዲያስ ጠለቢያ» አለ ኢዝዲን፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ እየዘረጋ። ጠለቢያ ማለት ትዕዛዝ ነው፤ ቀለሙን፣ ወንበሩን፣ መወጣጫውን መርጠህ ታዛለህ፣ ፋብሪካው እንደ ልክህ ይሠራል፣ በመርከብ ፖርት ሱዳን ይደርሳል። «ለሐጃ ዝቅ ያለ መወጣጫ ይገጠምላቸዋል። ቆዳ ወንበር። ነጭ፣ ለፀሐይ። ወላሂ በአራት ወር ውስጥ እጃችሁ ትገባለች።»

ሐምዲያ በጣቷ ቆጠረች። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ጥር አንድ። ሠርጉ ጥር አሥራ ስምንት። መርከብ ደግሞ እንደ አውቶቡስ አይደለም፤ ቆሜ ልጠብቀው የሚሉት ነገር አይደለም። ዓይኗን ወደ ግራጫዋ መለሰች። በዓይኗ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ይልቅ ያማረች ሆና ታየቻት። ጨርቅ ወንበር ምን አለው? ይታጠባል፤ እኔ ነኝ የማጥበው አለች በሆዷ፤ ወዲያው ግን እንደማታጥበው ትዝ አላትና ደረቷ ውስጥ ደስታ ፈሰሰ።

ወንድምና እህት ተከራከሩ። ማላዝ ጠለቢያ ትላለች። ኢሃብ አንዴ ጃሂዝ፣ አንዴ ጠለቢያ ይላል፤ መጽሐፉን ባገላበጠ ቁጥር ሐሳቡም አብሮ ይገላበጣል። በመጨረሻ «እናቴ ትወስን» አለ። ሐጃ በኺታ ከተቀመጡበት ቀና አሉና ወደ ሐምዲያ ዞሩ። «ከአልጋ የምታነሺኝ አንቺ ነሽ» አሏት። «አንቺ በይ። ጃሂዙ ይሁን ወይስ ጠለቢያው?»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው የሐምዲያን ፍላጎት በቀጥታ የጠየቀው ያን ቀን ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላታል። አንዲት ቃል፣ ጃሂዝ፣ ብትል ነገሩ ያልቃል። እሷ ግን ያደገችው ሐርቡ ነው። በሐርቡ ምግብ የቀረበለት እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ይላል፣ ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፣ እንግዳው «በፍጹም» ይላል፣ ሦስተኛው ላይ እጁን ይሰዳል። ፊት ለፊት «ስጡኝ» የሚል ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው። የሚገባህን ለሌላው ትተዋለህ፣ ሌላውም አይሆንም ብሎ ይመልስልሃል፤ መጎራረስ እንደዚህ ነው። ስለዚህ ሐምዲያ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ በምታውቀው የወጥ ቤት ዓረብኛ «ዘይ ማ ዳይሪን» አለች፤ እንደ ወደዳችሁ። ያም ያነሰ መስሏት ጨመረችበት፦ «ለሐጃ ምቾት ከሆነማ ጠለቢያው ይሻላል።»

ከዚያ ጠበቀች። ኧረ የልጅሽ ሠርግስ፣ ኧረ ጃሂዙን እንውሰድ የሚል ሰው ጠበቀች።

ኢሃብ በእጁ ጠረጴዛውን መታና «ኻላስ!» አለ። «ከሐምዲያ በላይ የእናቴን ምቾት ማን ያውቃል?» ከኢዝዲን ጋር ተጨባበጡ። ማላዝ ጉንጯን ሳመቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሐምዲያ ቃሏ ቁልቁል ሲንከባለል ቆማ አየችው። እንዲህ ያለች ሴት ይወዷታል፣ ግን አንዳንዴ ትከሻዋን ይዘው ሊነቀንቋት ያምራል። በአምጃድ ሲመለሱ የሐጃን ክንድ እንደያዘች «ይደርሳል፣ ጥር አንድ ነው፣ ይደርሳል» እያለች በልቧ ስትደጋግም ከቤት ደረሱ።

ዓርብ ዓርብ የሦስት ሰዓት ዕረፍት አላት። ሐበሻ ወደሚበዛበት ሰፈር፣ ወደ ዴም ወርዳ የወሰንየለሽ ምግብ ቤት ትቀመጣለች። ወሰንየለሽ የጎንደር ሴት ናት፣ ካርቱም ሃያ ዓመት የኖረች፣ ምላሷ እንደ ሽንኩርት ቢላዋዋ የተሳለ። ነገሩን ስትሰማ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ጃሂዝ ቆሞልሽ ጠለቢያ አልሽ?»

«ይሉኝታ ያዘኝ።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እናንተ የወሎ ሰዎች እኮ በይሉኝታ ትሞታላችሁ፣ ከዚያ ቀባሪውን ይቅርታ ትጠይቃላችሁ።» ሐምዲያ ሳትወድ ሳቀች። ወሰንየለሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚ፣ ጀዋዜ ጠፋ በይና ኤምባሲ ሌላ አውጪ። ስንቷ አድርጋዋለች። ፊርማው አያስፈልግሽም፣ መላ አለው።»

«ሳይጠፋ ጠፋ ብዬ?»

«መሳቢያ ውስጥ አይደል? ካንቺ ከጠፋ ጠፍቷል።»

ሐምዲያ አሰበችበት። እስከ ማታ አሰበችበት። ግን አይሆንላትም። ውሸት ስትናገር ጆሮዋ የሚቀላ ሴት ናት፤ ኤምባሲው በር ላይ ገና ጥበቃው ያውቅባታል። ደግሞም ሐጃን ማን ያነሣቸዋል? አንድ ቀን ጧት ነቅተው «ያ ሐምዲያ» ብለው ተጣርተው መልስ ሲያጡ በዓይነ ልቦናዋ አየቻቸው፣ ሐሳቡን እዚያው ተወችው።

ጥቅምት አለፈ። ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ገባ፣ ጧት ጧት መስኮቱ ላይ አቧራ ይጋገር ጀመር። ሐምዲያ በጓዳ ጓዟን ታቃልል ነበር። ወፍራሙን ብርድ ልብሷን ለጎረቤት ቤት አዲስ ለመጣችው ለአሚና ሰጠቻት፣ ልጅቷ ከደሴ አካባቢ የመጣች፣ በብርድ የምትንቀጠቀጥ ናት። መሪማ በየሳምንቱ ትደውላለች። «እማ፣ ትደርሻለሽ ብዬ ላውራ?» ትላለች። «አብሽሪ» ትላታለች ሐምዲያ። ካርቱምም ወሎም አንድ የሚሆኑባት ቃል ናት፣ አትጨነቂ ማለት ናት። ሐምዲያ ስታስበው ግን ቃሉን የምትለው ለራሷ ነበር።

ኅዳር ሃያ አምስት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ሐጃ ተኝተው ማላዝ ሥራ ሄዳ፣ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ሐምዲያ አነሣች። ኢዝዲን ነው፣ ከመዕረዱ።

«ሐጃ አሉ?»

«ተኝተዋል።»

«አደራ ንገሪልኝ። ማክሰኞ ያሉኝን አድርጌያለሁ። መወጣጫውን በሌላ ቀይሬዋለሁ። ግን ሦስተኛው ለውጥ ስለሆነ ፋብሪካው እንደ አዲስ ጠለቢያ ነው የቆጠረው። መጀመሪያ ወንበሩን ቡናማ አሉ፣ ከዚያ ነጩን ወደ ዕንቁ ነጭ ቀየሩት፣ አሁን ደግሞ ይሄ። ከሚያዝያ በፊት አትደርስም፤ ያቺ ግራጫዋ እንኳ ገና አልተሸጠችም። እንዳይቆጡኝ ብዬ ነው።»

«ማን ነው የቀየረው?» አለች ሐምዲያ። ማላዝ የሚል መልስ ነበር የጠበቀችው።

«ሐጃ ራሳቸው ናቸው። ወላሂ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ።»

ስልኩን አስቀመጠች። እጇ ስልኩ ላይ ቀረ። ማክሰኞ ከሐኪም ቤት እንደ ተመለሱ ሐጃ «ያንን የመኪና ሰው ደውይልኝ» ብለዋት ነበር። ዓይናቸው ቁጥር አይለይም፣ ሁልጊዜ የምትደውልላቸው እሷ ናት። ቁጥሩን አንድ በአንድ መትታ፣ ሲጠራ ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። «ሻይ አፍዪልኝ» አሏት። ሻይ ልታፈላ ሄደች። ከዚያ በፊትም ሁለቴ እንዲሁ ሆኗል። ሦስቱንም ጊዜ የልጇን ሠርግ በገዛ ጣቷ ገፍታ ገፍታ፣ ከዚያ ስኳር ጨምራ አቅርባላቸዋለች።

ተናደደች። ንዴቱ ከእግሯ ጀምሮ ወጣ፣ ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ጩኸት ሆነ። ኮሪደሩን ሦስት ጊዜ ተመላለሰችበት። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ቤት ጠላችው፤ መጋረጃውን ጠላችው፣ የምታጥበውን ወለል ጠላችው፣ «ቢትና» የሚለውን ቃል ጠላችው። ደግ ያለቻቸው አሮጊት በፈገግታ በር ሲዘጉባት ኖረዋል። ከሁሉ በላይ የበገናት ግን የራሷ አፍ ነው። አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ መስከረም ላይ አልቆ ነበር።

ሐጃ በነቁ ጊዜ ገባች። አነሣቻቸው፣ ትራሱን ከጀርባቸው አደረገች፣ ሻይ ግን አላመጣችም። ከአልጋው ትይዩ ቆመች። ዓረብኛ አንቱታ የለውም፣ ታላቁም ታናሹም «ኢንቲ» ነው። መጀመሪያ በመጣች ዓመት ሐጃን «ኢንቲ» ባለች ቁጥር የሰደበቻቸው ይመስላት ነበር፣ በሆዷ ሁልጊዜ ወደ «እርስዎ» እየመለሰች ነው የኖረችው። ያን ቀን በሆዷም አልመለሰችም።

«ኢዝዲን ደወለ» አለች። «ሚያዝያ ነው የምትመጣው አለ።»

ሐጃ በደህናው እጃቸው የቶባቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ።

«ለምንድን ነው ያደረግሽው?»

«መኪናው ሲመጣ ትሄጃለሽ» አሉ ሐጃ።

«ለሠርግ ነው።»

«ሐምዲያ። ብርድ ልብስሽን ለጎረቤቷ ልጅ ሰጥተሻል። የሚመለስ ሰው በኅዳር ብርድ ልብሱን አይሰጥም።»

ለካ ሐጃ ቁጥር እንጂ ሰው አይጠፋባቸውም።

«ማላዝ ታነሣሻለች ይሉኛል» አሉ ሐጃ፣ ድምፃቸው እየሳሳ። «ማላዝ ስታነሣኝ በአንድ እጇ ስልኳን ይዛ ነው። ልጆቼ ይወዱኛል፣ አላህ ያቆያቸው። የምታነሺኝ ግን አንቺ ነሽ። ሌሊት ሳልጣራ የምትሰሚኝ አንቺ ነሽ። ያለ አንቺ አንድ ቀን ከዚህ አልጋ ላይ ወድቄ እስከ ጧት እቆያለሁ፤ ይሄን ፈርቼ ነው። ክፋት ነው፣ አውቃለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ሐምዲያ ንዴቷ እንዲህ በቀላሉ እንዲላላባት አልፈለገችም። «ልጄ ናት» አለች። «ሰባት ዓመቷ ላይ ጥያት መጣሁ። የአንቺን ልጅ ሠርግ ሠርቻለሁ፣ የልጅ ልጅሽን ስም ማውጫ ሠርቻለሁ። ከልጄ ሠርግ ግን አልቀርም። ጃሂዙን ግዙ። እኔ የምፈልገው ጃሂዙን ነው። ያኔም የፈለግሁት ጃሂዙን ነበር።»

ሐጃ ገርሟቸው አዩዋት። «ታዲያ ስጠይቅሽ ለምን አላልሽም?»

«አይሆንም እንድትሉኝ ጠብቄ ነው።»

«እኛ አገር የተጠየቀ ሰው የሚፈልገውን ይመልሳል» አሉ ሐጃ። መሳለቅ አልነበረም፣ እውነት ግራ ገብቷቸው ነው። ከዚያ «ትመለሻለሽ?» አሏት።

«ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህማ ለማይመጣ ሰው ነው። ቧንቧ ሠሪውም ኢንሻአላህ ይላል።» እጃቸውን ዘረጉላት። «ወላሂ በይ። ወላሂ ከአርባ ቀን በኋላ እመለሳለሁ በይና ጃሂዙ ነገ ይገዛል። ጀዋዝሽንም ኢሃብ በእጅሽ ይሰጥሻል።»

በካርቱም ወላሂ እንደ ነጠላ ሰረዝ ነው። ቲማቲም ሻጩ ይምላል፣ አምጃድ ነጂው ይምላል፣ ኢዝዲን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ይምላል፣ ማንም ማንንም አይዝበትም። የሐምዲያ አባት ግን ከቢር ነበሩ፤ የቀዬውን ልጆች ቁርኣን ያስቀሩ የነበሩ መምህር። ልጆቻቸው ለጨዋታ ወላሂ ሲሉ ከሰሙ በአለንጋ አልነበረም የሚቀጧቸው፤ የማሉበትን ነገር እስከ መጨረሻው ያስፈጽሟቸው ነበር። ታላቅ ወንድሟ በልጅነቱ «ወላሂ ዛሬ ራት አልበላም» ብሎ ተናዶ፣ እናቱ እያለቀሰች እያየች ጾሙን አድሯል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሚምል አልነበረም።

«በአሥራ አንድ ዓመት ከአፍሽ ሰምቼው አላውቅም» አሉ ሐጃ። «ለዚህ ነው ከአንቺ የምፈልገው።»

ሐምዲያ ወደ መስኮቱ አየች፣ አቧራው ላይ የነፋሱ መስመር ይታያል። ካልማለች መኪናው ሚያዝያ ነው፣ ሚያዝያም ሲደርስ ሌላ ቀለም አይጠፋም። በውሸት ብትምል በሁለት ወር ውስጥ ሐርቡ ጓሮ ክፍሏ ውስጥ ትተኛለች፤ ማንም አይመጣባትም፣ ማንም አይከሳትም። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ከማለው አፏ ጋር ልትተኛ ነው። ሐጃስ? የተዘረጋውን እጅ አየችው። ስንት ጊዜ አጥባዋለች፣ ጥፍሩን ቆርጣለታለች። የእናቷን እጅ እንኳ ይህን ያህል አታውቀውም። እኚህን ሴት ትወዳቸዋለች። ክፉ ቢሆኑ ምን ያህል ይቀላት ነበር።

እጃቸውን ያዘች። «ወላሂ» አለች። «ወላሂ ከአርባ ቀን በኋላ እመለሳለሁ።»

ሐጃ አለቀሱ። የምሽት ሰላት ሳይደርስ ለኢሃብ ተነገረው። እናቱ ሐሳባቸውን የለወጡት በመቸኮል መስሎት ሳቀ፣ ማላዝ ስለ ጨርቁ ወንበር ትንሽ አኮረፈች፣ በሦስተኛው ቀን ግን ግራጫዋ መኪና ደጃፍ ቆመች። ሐጃ ገብተው ተቀመጡባትና «ከቆዳው ይሻላል፣ አያቃጥልም» አሉ። ኢሃብ ጀዋዙን አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። ውስጡ አዲስ ማኅተም ተመቶበታል፣ መውጫና መመለሻ የሚል። አርባው ቀን ሠርጉን እንዲያልፍ መሄጃዋ ለጥር መጀመሪያ ተቆረጠ። ሐምዲያ «ሹክረን» አለችና ጡቶቿ መካከል ሸሸገችው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የናፈቀችው ነገር እጇ ገብቶ ደስታ ቢፈልጉባት አይገኝም ነበር።

ያን ማታ መሪማ ደወለች። ሐምዲያ ሳታስጠይቃት «መጣሁ፣ ልጄ፤ ጥር ሰባት እገባለሁ» አለቻት። ስልኩ ውስጥ እልልታ ተሰማ፣ የአክስቷም፣ የጎረቤትም፣ የማን እንደ ሆነ የማይታወቅ የሕፃን ድምፅም አለበት። መሪማ በአንድ እስትንፋስ ታወራለች፤ የጓሮዋ ክፍል ኖራ ተቀብታለች፣ አልጋው ገብቷል፣ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ባሏ የሚሆነው ልጅ በመስኮቱ ትልቅነት ከአናጢው ጋር ተጣልቷል።

«ኮምቦልቻ ድረስ መጥተን እንቀበልሻለን» አለች። «ብቻ የዕቃሽን ብዛት ንገሪኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ጓዝ ነው ብዬ ለእሱ ነግሬዋለሁ፤ አይሱዙ እናናግር ይላል፣ እኔ ሚኒባስ ይበቃል ባይ ነኝ። ስንት ነው፣ እማ?»

ሐምዲያ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማለች። ከኮሪደሩ ወዲያ ሐጃ በኺታ በሌላው ጎናቸው እንድታገላብጣቸው እየጠበቁ ናቸው።

«አይሱዙም ሚኒባስም አያስፈልግም» አለች። «አንዲት ሻንጣ ናት።»

«አንዲት?»

«አንዲት ትንሽ ሻንጣ።»

«ስንት ቀን ነው የምትቆዪው፣ እማ?» አለች መሪማ።